እማዬ፣ ያ ውፍረት አይደለም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትደገፊያለሽ? አባዬንስ ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ለማለት ግን ገና ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ስለማለቅስ ነው፤ ሳለቅስ ደግሞ የደም ግፊቴ ይወጣል፣ ነርሷም ትቆጣኛለች። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ የምትበር የሥራ ባልደረባዬ ታደርስልሻለች።

ባለፈው የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ተመስገን፣ እርግዝናው ተስማማት፣ ልጄ ወፈረች» እያልሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ማሳየትሽን እህቴ ነግራኛለች። እማዬ፣ ያ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። እኔም ከአንቺ አልተሻልኩም፤ መስታወት ፊት ቆሜ አማረብኝ ብዬ ነበር። ሥራ ቦታ፣ አንሶላ በምንተኩስበት ክፍል ጫማዬ አልገባ ሲለኝ እንኳ የረገምኩት ጫማውን ነው። አለቃችን ናት ወንበር ላይ አስቀምጣ እግሬን በአውራ ጣቷ የተጫነችው፤ ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። «ይሄ የሥራ ድካም አይደለም፣ ተነሺ» አለችና ራሷ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

በእርግዝና የሚመጣ ክፉ የደም ግፊት ነው አሉኝ፤ ለእናትም ለልጅም የሚያሰጋ። ልጁ ትንሽ እስኪጠነክር እዚሁ አስተኝተውኝ ይጠብቃሉ፤ ከባሰብኝ ግን ጊዜው ሳይደርስ ያወጡታል። ከዚያ ሐኪሟ አንገቴን ዳብሳ ደሜን ለታይሮይድ ምርመራ ላከችው። ጉሮሮ ሥር ያለች፣ የሰውነትን ሥራ የምታንቀሳቅስ ዕጢ ናት፤ እንዲህ ያለ ግፊት በያዛቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ አንዳንዴ ትደክማለች አለችኝ። የእኔም ደክማ ተገኘች። ኪኒን ጀምሬያለሁ።

እናትሽ እንቅርት አለባት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «ይሄ የልጅነት ሐብሌ ነው» እያልሽ በሻርፕ እንደምትሸፍኚው ሳይቀር ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ትመርመር አለች። በእርግዝናዋ ታማ ታውቃለች ወይ ስትለኝ ግን «እናቴን ልጠይቃት» አልኳት። ከእኔ በኋላ ሳይወለዱ የቀሩት ሁለቱ በቤታችን ተነሥተው አያውቁም። ያኔ ፊትሽ አብጦ ነበር? ራስሽን ያምሽ ነበር? ዓይን በላቸው ብለሽ ከምትዘጊው ንገሪኝ፤ ለሐኪሞቹ ይጠቅማቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

በጣም የሚከብደኝ የጥየቃ ሰዓት ነው። አማችሽ መርከብ ላይ ነው፤ ወደብ እስኪደርስ መልእክቴ አያገኘውም። በሩ ተከፍቶ የሰው ዘመድ ሲገባ፣ ማንም እንዳያዝንልኝ የተኛሁ አስመስላለሁ። ትናንት አጠገቤ የተኛችው ሴት እናት እውነትም የተኛሁ መስሏት ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ እግሬን አለበሰችኝ። ሳልንቀሳቀስ አለቀስኩ። እጅሽ ናፈቀኝ፣ እማዬ።

ለአባዬ ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ይህን ስታነቢለት ግን ቀስ እያልሽ ይሁን። አናጢው ወንድሜ የልጅ አልጋ እንዳይጀምር፣ ገና ነው። እህቴን ሳሚልኝ፤ እምቢ ብትይም ጎትታ ታስመርምርሽ። ለአክስቴ ሰላምታውን ብቻ አድርሺ፤ እሷ ካወቀች ሰፈሩ አወቀ።

የሚደወልለት ዘመድ ማነው ሲሉኝ የአንቺን ቁጥር ሰጠሁ። የማታውቂውን ቁጥር እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ ልጁ ሲወለድ የሚደወልልሽን ግን አንሺው። ቋንቋቸው ባይገባሽ ግድ የለም፤ ከወሬው ሁሉ በፊት ስልኩን ወደ ልጁ አፍ እንድታስጠጋ አዋላጇን ለምኛታለሁ። ለቅሶውን ትሰሚያለሽ። ከዚያ የእኔን ድምፅ ጠብቂ። ብዘገይም ስልኩን አትዝጊው።

ልጅሽ

ከወሊድ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ
የካቲት 5 ቀን