ለአውሮፕላን ማረፊያው በውሰት ስለሄዱት የጤና ኬላችን የፀሐይ ፓነሎች

ለታላቁ አውሮፕላን ማረፊያ የፀሐይ ኃይል ተከላ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሥራ አስኪያጁ

ክቡር ሆይ፣ ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከእጃጂ ወጣ ብሎ ባለው ጤና ኬላ የምንሠራ ሰዎች፣ ከክትባት ማቀዝቀዣችን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እንግዳ ሲመጣ መሥሪያ ቤቶች ወንበርና መጋረጃ መዋዋሳቸው የቆየ ልማዳችን ነው። የእርስዎ ፓነሎች ከወደብ ሳይደርሱ የተከላው የምረቃ ቀን ስለቀደማቸው፣ ሰዎችዎ መጋቢት ላይ መጥተው የእኛን ሁለት ፓነሎች ከጣሪያ ሲያወርዱ፣ አገር እንዳታፍር ብዬ ለአሥራ አምስት ቀን ውሰት የፈረምኩት እኔው ነኝ። አሁን ሐምሌ ነው። ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

1. በምረቃው ዕለት ፓነሎቻችንን በቴሌቪዥን ስላሳዩን እናመሰግናለን። ጥበቃችን ኦቦ ሆርዶፋ በፍሬሙ ላይ የቀቡትን አረንጓዴ ቀለም ሻይ ቤት ውስጥ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሥተዋል።

2. ፓነሎቹ ፀሐይን ትተው ወደ እንግዶች መግቢያ መዞራቸው፣ ሽቦም ያልተቀጠለባቸው መሆኑ አስደስቶናል። እኛ ዘንድ በየቀኑ ሲሠሩ ስለኖሩ ዕረፍት ይገባቸዋል።

3. ለሦስት ደብዳቤዎቻችን፣ አመላለሱን የሚመለከተው ክፍል ገና እየተቋቋመ መሆኑን ጽፈውልናል። የአወሳሰዱ ክፍል ግን በአንድ ጠዋት ተቋቁሞ፣ መሰላሉን ሳይቀር ከእኛው ተውሶ ነበር።

4. ማቀዝቀዣው ያለ ኃይል ክትባት አይዝም። ከከተማ በበረዶ ሣጥን የምናመጣው ደግሞ መኪናው ጭቃ ውስጥ እየተያዘ፣ በረዶው እየቀለጠ፣ ሁለት ጊዜ ደፍተነዋል። ቢፍቱ የምትባል እናት የዘጠኝ ወር ልጇን አዝላ ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ መልሻታለሁ። ባለፈው ሳምንት በጎረቤቷ ቤት ኩፍኝ ገብቷል። እዚህ ላይ ቀልዱ አልቆብኛል፤ ፈርቻለሁ።

የፀሐይን ኃይል ለሰማይ መንገደኞች ለማዳረስ ስለሚደክሙ፣ ጭቃ በተለወሰ ጫማችን በክብር ቆመን፣ ከወገባችን ዝቅ ብለን እጅ እንነሣለን።

ጃለኔ ጉርሙ
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ
ሐምሌ 2005 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ የክትባት ቀናችን ነው። ፓነሎቹ እስከዚያ ካልተመለሱ፣ ማቀዝቀዣውን በአይሱዙ ጭነን፣ ሠላሳ ሁለት ሕፃናትን ከነእናቶቻቸው ይዘን፣ ሽቦውን ራሳችን ቀጥለን እዚያው ማረፊያዎ ላይ እንከትባለን። ለበር ጥበቃዎች አስቀድመው ይንገሩልን፤ ልጆቹ ፓስፖርት የላቸውም። ያላቸው የክትባት ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጋቢት ወዲህ ባዶ ነው።