አጥራችን ላይ ስለተሰቀሉት ጣሳዎች

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት፣ ለፈቀደ፤

እንዴት ነህ? ጉንፋንህ ለቀቀህ? ይህን የጠየቅሁህ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ በጣም ተናድጄብሃለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ከዚያ ነው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። እንደምታውቀው እኔ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አይሆንልኝም። ልጆቹ «የአባባ ደብዳቤ!» ብለው ግራና ቀኝ ጉልበቴ ላይ ተደግፈዋል። «ቤቴን መሸታ ቤት አድርገሽ፣ ደጄ ላይ ጣሳ ሰቅለሽ፣ ስሜን በካሚዮን ነጂ ሁሉ አፍ አስገባሽው። ልጆቼን አስረክቢ፤ ለገና ጓደኛዬ ባጫ መጥቶ ይወስዳቸዋል» ያልከውን ቃል በቃል አሰማኋቸው። ማቆም ነበረብኝ፤ ግን ፊደል ስለቅም ትርጉሙ ዘግይቶ ነው የሚገባኝ።

መሸታ ቤት! እኔ! በአሥራ አራት ዓመት ትዳራችን ለማን ቀድቼ ሸጥኩ?

እንግዲህ ስማኝ። ጣልያን ከድሮው ሰፈራችን አስነሥቶ ወደዚህ ሲሰደን አንተ ጅማ ነበርክ፤ ይህን ቤት አታውቀውም። መስከረም ላይ «በካሚዮን አለፍኩ፣ ሲመሽ ስለነበር ቤቱን አጣሁት» ብለህ ላክህብኝ። እኔ አመንኩህ። ልጅህ ድንቅነሽ ግን «ለምን መብራት አንሰቅልለትም?» አለች። በምን? ፋኖሱን አንተ ይዘኸው ሄደሃል!

ከጣልያኖቹ ካምፕ ጀርባ የተጣለ የቲማቲም ሰልሳ ጣሳ ልጆቹ ዘጠኝ ለቀሙ። ባዶውን በሚስማር ቢመቱት ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ጭቃ ጠቅጥቀን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ነው የበሳነው። ድንቅነሽ በቀዳዳ በቀዳዳ አበባ ሠራች። ወንድሟ ገብረማርያም ከጣሳው ይልቅ አውራ ጣቱን ነው የመታው፤ ካሚዮን ነው ያለውም እንቁራሪት ይመስላል። ጭቃውን በውሃ አሟምተን አወጣን። ለእናትህ ተዝካር ከጣልኩት ጠጅ የተረፈውን ሰፈፍ አቅልጬ፣ በፈተልኩት ክር ሻማ አደረግሁላቸው። ከተሰበረው ጃንጥላ ሽቦ ነቅለን አጥሩ ላይ ሰቀልናቸው። ሲበሩ ብታይ!

ደጁ ላይ ጣሳ የሰቀለ መጠጥ ይሸጣል ማለት መሆኑ እኔ ሞኟ ትዝ አላለኝም። በሦስተኛው ቀን፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ያ ባጫህ ካሚዮኑን አቁሞ ዘው አለ።

«እመቤት፣ ጠላ ነው ጠጅ?»

«የምን ጠላ? የፈቀደ ቤት ነው!»

«እሱማ ጅማ ነው፤ እኛ እንጠጣለታ!»

«ልጆቹ ለአባታቸው የሠሩት መብራት ነው፣ አንተ ዓይነ ደረቅ!»

«ጥሩ መብራት ነው፤ ይኸው እኔን አመጣኝ» ብሎ ተንከተከተ። በመጥረጊያ እስከ መንገድ ሸኘሁት። ይህንን አልነገረህም? ወይስ ነግሮህም ነው የጻፍከው?

ደብዳቤህን እንደጨረስኩ ድንቅነሽ ወጥታ ዘጠኙንም አወረደች። ገብረማርያም ግን «እማዬ፣ ባጫ ያገኘውን ቤት አባባ እንዴት አጣው?» አለኝ። «አባትህ ሥራ አጣድፎት ነው» አልኩት። ስለ አንተ ስዋሽ ይህ ስንተኛዬ እንደሆነ እኔም ጠፍቶብኛል።

ቁርጡን ልንገርህ። ልጆቼን ለባጫ አልሰጥም። የጣልያን ፖሊስ፣ ካራቢኔሪ አስከትሎ ቢመጣም አልሰጥም! ጅማ ማን እንደሚያበስልልህ ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅህም። እነሱን ከፈለግህ ግን በእግርህ ና፤ በቀን ና። ከዙሀራ ሱቅ ቀጥሎ፣ አዲስ የባሕር ዛፍ አጥር ያለው ቤት ነው። ከእንግዲህ አጣሁት አትልም።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሩን ከፍቼ፣ ምሳ አቅርቤ እጠብቅሃለሁ። ልጆቹን ግን አባታችሁ ይመጣል አላልኳቸውም፤ ልብሳቸውን ብቻ አጥቤ አዘጋጃለሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልመጣህ በሩን እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ብታንኳኳም የሚከፍትልህ እኔ አይደለሁም።

መንገዱ ብርድ ነው፤ ጋቢህን ደርብ። እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ፣ ከክፉ ጓደኛም ይሰውርህ።

እስከ ገና ሚስትህ፣
ካሳነሽ