የእንጉዳዩ ማስጠንቀቂያ

ሚያዝያ 4
ዝናብ ጣለ። እዚህ ቤንዲጎ ከተማ ዝናብ ጣለ ማለት እንጉዳይ ወጣ ማለት ነው። እኛ ከበርማ ተሰደን የመጣን ካረኖች ደግሞ እንጉዳይ ወጣ ከተባለ ማን ይይዘናል? ሙጋ የምላት አክስቴ ናው ቴ ፖ በጠዋት ደወለች። ከባሏ ከሶ ክሌ ጋር ሊለቅሙ መናፈሻው ሊወርዱ ነው። ኦክ ዛፍ ሥር ያለውን ነጩን እንዳትነኩ፣ ይገድላል አልኳት።
"አንቺ ጤና ቢሮ ከገባሽ ወዲህ የማይገድል ነገር የለም" ብላ ሳቀችብኝ።

ሚያዝያ 6
ቢሯችን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በእንግሊዝኛ። ድረ ገጽ ላይ። ሙጋ ድረ ገጽ ከፍታ ስታነብ ታየኝ...
አለቃዬን ኬሪን ለመንኳት። በካረንኛ በድምፅ ልቅዳው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሰማ፣ በየስልኩ ይዞራል አልኳት። ግሩም ሐሳብ ነው አለች። ኬሪ ግሩም ካለች ነገሩ ሞቷል።

ሚያዝያ 11
ፖስተር መጣ። በበርማኛ! ያገራችሁ ቋንቋ አይደለም እንዴ ትለኛለች ኬሪ። መንደራችንን ያቃጠሉት ወታደሮች ቋንቋ ነው አልኳት። ሙጋ ያን ፊደል ስታይ ፊቷን ነው የምታዞረው። ደግሞስ ማንበብ መቼ ተማረች? የካረንኛው ድምፅ በቢሮው ሳይጸድቅ አንዲት ቃል እንዳታወጪ ተባልኩ።

ሚያዝያ 14
ሁለቱም ነጩን እንጉዳይ በልተው ሆስፒታል ናቸው። ጉበታቸው... ሶ ክሌ ብሶበታል።
ሐኪሙ መርዝ መሆኑን አላወቅሽም ወይ አላት። አስተረጎምኩ። ሙጋ ተቆጣች።
"ከሩዝ ጋር ቀቀልኩት። መርዝ ቢሆን ሩዙ ይጠቁር ነበር። ነጭ እንደሆነ ነው የቀረው።"
እናቷም አያቷም እንዲሁ ነው የሚፈትኑት። እኔም የተፈተነ እየበላሁ ነው ያደግኩት። ፖስተሩ ስለ ሩዝ ምንም አይልም። እንዴት ትፈትኑታላችሁ ብሎ ማን ጠይቋት?

ሚያዝያ 17
ሶ ክሌ ሞተ።

ሚያዝያ 20
ቀበርነው። ኬሪ አበባ ላከች። አበባ ምን ያደርግልኛል?

ሚያዝያ 25
ሙጋ ከሆስፒታል ወጣች። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ከእንግዲህ ፈቃድ አልጠብቅም ብዬ ማስጠንቀቂያውን ልቀዳ ስልኬን ከፈትኩ። ልናገር ስል እጄን ያዘችኝ። የሞተው የኔ ባል ነው፣ እኔ ልንገራቸው አለች።
ተናገረች። አላለቀሰችም።
"ሩዙን አትመኑ። እኔ አምኜው ነው። ጣፈጠው፣ ከራሴ ቀንሼ ጨመርኩለት።"
እዚህ ላይ እኔ አልቻልኩም... እንደምንም ላክሁት።

ግንቦት 2
ድምፁ ሜልበርን ድረስ ሄዷል። ሰው የለቀመውን እየደፋ ነው። አንዲት እናት ከምድጃ ላይ አውርዳ ደፋችው አሉ።
ዛሬ ኬሪ ጠራችኝ። ሳይጸድቅ ማን አወጣው? ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትለው? በእንግሊዝኛ ጽፈሽ አምጪልኝ አለች።
አስተርጓሚ ፈልጊ፣ እኔ ሐዘን ላይ ነኝ አልኳት።