ዘፈኑ ጠበቀኝ

ማርቫዬ፣

አውቶቡሱ ላይ ገፍተሽ ባታሳፍሪኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ያመልጠኝ ነበር። ያሳደገችኝን አክስቴን አይሲልዳን ቀብረን እንደተመለስን፣ በመንደራችን በማንቺዮኒል ደንብ አዋቂው ሁሉ ለቅሶ ቤቱ ግቢ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዞ የልጆችን የክብ ጨዋታ ጀመረ። መሐል የገባ ሰው አንድ እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ክቡ ይደግመዋል። ጎረቤታችን ቨርናል፣ ከዚሁ ጨዋታ ተወስዶ በየአገሩ ሬዲዮ የገነነውን፣ እኛም ኪንግስተን የምንጨፍርበትን ሸክላ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። የኔ ተራ ሲደርስ መሐል ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሸክላውም አለቀ።

«ይህን ችኩል ነገር አጥፋልኝ!» አሉት የመንደሩ አሮጊት እማማ ክላሪስ። «ሰው አይጠብቅም።»

«እማማ፣ ዓለም የጨፈረበት እኮ ነው!»

«ዓለም ይጨፍርበት! እኛ ልጅ መሐል ገትረን አንሄድም።»

ከዚያ ዘፈኑን ሁሉም በአፋቸው ያዙት። እኔ አልንቀሳቀስ ስል አንዷን ስንኝ እየመላለሱ አጨበጨቡ። «አትቸኩይ ልጄ፣ አፋችን አይደክምም» አሉኝ እማማ። መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። እንደ አክስቴ በግራ እግሬ እያነከስኩ፣ የዓሣ ቅርጫቷን የተሸከምኩ መስዬ ተራመድኩ። ክቡ በሙሉ እየሳቀም እያለቀሰም አብሮኝ አነከሰ። ግቢው ሁሉ አክስቴን ሆነ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ስለገፋሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ዴልሲታሽ

ጠርዙ ላይ ይቺን ልጨምር፦ ከሁሉ አብልጦ ያነከሰው ቨርናል ነው።