በእትዬ ዘምዘም ዜማ ላይ ስለተደረደሩት አርባ ስምንት ኮርዶች

ለቆላ ይፋት የዜማ ቅርስ ማደራጃ ማዕከል
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከጣርማ በር ማዶ ባለው ቀዝቃዛ ቢሮዎ የከበረ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? ብርዱ እንዳይጎዳዎት፣ ካፖርትዎ እንዳይሳሳብዎት፣ የቢሮዎ መስኮትም ደህና አድርጎ እንዲገጥም ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ንጉሤ ተክለወልድ እባላለሁ፤ እዚህ ሸዋ ሮቢት በሰርግና በሆቴል ኦርጋን ስጫወት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ባለፈው ዓመትም የአካባቢያችንን ዜማዎች በኮምፒውተር ኖታ እንድጽፍ ማዕከልዎ መርጦኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ፖስታ መክፈት ለክቡርነትዎ አድካሚ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነው።

ጉዳዩ የእትዬ ዘምዘም ዜማ ነው። እትዬ ዘምዘም ከማጀቴ በታች ቆላው ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። ሙሽራ ከደጃፍ ስትሸኝ በድቤና በጭብጨባ የሚዜመውን የቆየ ዘፈን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከእሳቸው ሌላ የቀረ ሰው የለም። ያ ዜማ ዛሬ በማዕከልዎ ኮምፒውተር ውስጥ መቶ በመቶ ተሟልቶ ተቀምጧል፤ ከባለቤቲቱ አፍ ግን እየጠፋ ነው። እንዴት እንደዚህ እንደሆነ ከነምስጋናዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. «በእያንዳንዱ ቤት ላይ የኮርድ ምልክት ያልሰፈረበት ዜማ ያልተሟላ ሆኖ ይመለሳል» ለሚለው መመሪያዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፣ ኮርድ ማለት እኛ ኦርጋን ተጫዋቾች በግራ እጃችን ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ የምንጫነው ነው፤ ቤት የምለውም ኖታው በቋሚ መስመር የተከፋፈለበትን ክፍል ነው። የእትዬ ዘምዘም ዜማ አርባ ስምንት ቤት አለው። ኮርድ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም፤ የሚያጅቡት ሴቶች ሁለቱም እጆቻቸው በጭብጨባ የተያዙ ናቸውና። ይህንኑ ለማዕከሉ ባለሙያ ለአቶ ሮቤል ባስረዳቸው፣ የአንድ ዜማ መሟላት በመቶኛ የሚሰላው በኮርዶቹ ብዛት መሆኑን ገልጸው፣ ያልተጠየቅሁትን እንዳልፈላሰፍ በትሕትና መክረውኛል።

፪ኛ. ስለሰጣችሁኝ የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌርና ባትሪው ስለሞተው ላፕቶፕ እግዜር ይስጥልኝ። ኮርድ ለመጻፍ መጀመሪያ ኖታውን መንካት፣ ቀጥሎ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን፣ ከዚያም ከኖታው በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀጭን መስመር እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፊደሉን ጽፌ ወደሚቀጥለው ቤት ይወስደኛል ብዬ የክፍተቱን ቁልፍ ስጫን ወደሚቀጥለው ምት ብቻ ስለሚወስደኝ፣ ሳላውቀው አንዱ ቤት አራት ኮርድ ተሸክሞ ይገኛል። የተረፈውን ላጥፋ ስል ከሥሩ ያለውን ኖታ ጨምሮ ያጠፋዋል። ኮርዱ ከኖታው ጋር ሲደራረብ ትንሽ ከፍ ላድርገው ብዬ ብጎትተው የመስመሩ ኮርዶች በሙሉ ተከትለውት ይወጡና ገጹ አናት ላይ ካለው ርዕስ ጋር ይጋጫሉ። ሶፍትዌሩ ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው በቀይ ያሳየዋል፤ ያልገባው እሱ ሆኖ ሳለ የሚቀላው የእኔ ጽሑፍ ነው። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ከሽንኩርት መጋዘን ጎን በተከራየሁት ክፍል፣ ላቤ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ካቆምሁበት ሳይሆን ከመጀመሪያው እየጀመርሁ ነው።

፫ኛ. ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ሶፍትዌር ውስጥ «እዚህ ላይ ኮርድ የለም» ማለት የሆነ ምልክት አገኘሁ። ሠሪዎቹ ኮርድ የሌለው ዜማ በዓለም ላይ እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ቀን የሰደብኋቸውን ሁሉ አነሳሁላቸው። በአርባ ስምንቱም ቤቶች ላይ ይህንኑ ምልክት ጻፍሁ። ሶፍትዌሩ አንዱንም አላቀላም። ማዕከልዎ ግን «በሥራ ላይ ማላገጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከነማኅተሙ ላከልኝ። ከማሽኑ ይልቅ ሰው ይሻላል እያልሁ የኖርሁ ሰው ነበርሁ።

፬ኛ. ማስጠንቀቂያውን ፈርቼ ኮርድ አስገባሁ፤ ይህን አልክድም። በዜማው ውስጥ፣ ሙሽራዋ ደጃፉን ስታልፍ በስሟ በሚጠሯት ቦታ ላይ፣ እትዬ ዘምዘም ለወትሮው ትንሽ ዝቅ አድርገው የሚይዙት አንድ ድምፅ አለ፤ በኦርጋኔ ከነጩም ከጥቁሩም ቁልፍ አላገኘውም። ሴቶቹ እንባቸው የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። የደስታው ኮርድ ሜጀር ወይስ የትካዜው ማይነር የሚለውን መምረጥ ግድ ስለነበረ፣ ይቀርበዋል ብዬ ማይነር ጻፍሁ። አቶ ሮቤል ሰርግ ደስታ ነው በማለት ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ሜጀር አደረጉት። ከዚያ በኋላ ዜማው ከኮርዱ ጋር አልስማማ ሲላቸው ዜማውን አስተካከሉት፤ ያቺን አንዲት ድምፅ ወደ ላይ ገፏት። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጨዋ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

፭ኛ. ባለዜማዋ ኖታውን ሰምተው ስለሚፈርሙበት የማረጋገጫ ቀን ደግሞ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። እትዬ ዘምዘም የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከወንድማቸው ልጅ ከኑርሃን ጋር በሚኒባስ፣ ቀጥሎም በባጃጅ አዳራሹ ድረስ መጡ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ዜማው በፒያኖ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ሲሰሙት የማን አገር ዘፈን እንደሆነ ጠየቁ፤ የእርስዎ ነው ተባሉ። ሁለተኛ ሰሙት። ሦስተኛ ከሰሙት በኋላ መሬት መሬት እያዩ «እናንተ ተምራችሁ እንዲህ ካላችሁማ የሳትሁት እኔ ነኛ፤ አላህ ያክብራችሁ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ፈረሙ። እንግዳ እንዳያፍር ብለው ይመስለኛል፣ እዚያው ላፕቶፑ እንዳለው አድርገው አዜሙላችሁ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔ የላፕቶፑን ገመድ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ያህል ባላስቸገርሁዎት። ባለፈው ወር ኑርሃን ተዳረች። የመንደሩ ሴቶች በለመዱት ዜማ መሸኘት ሲጀምሩ እትዬ ዘምዘም በእጃቸው አስቆሟቸው፤ «እንደሱ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ ያለው ሌላ ነው» ብለው አዲሱን ሊያስተምሩ ሞከሩ። ሴቶቹ የሚገቡበት ቦታ ጠፋቸው፤ ጭብጨባው ተበታተነ፤ ድቤ መቺዋ መታ መታ አድርጋ ተወችው። ያን ሰርግ ያጀብሁት እኔ ስለነበርሁ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አዛውንቷ እንዳይከፋቸው ብዬ ኦርጋኑን ከፍ አድርጌ ሸፈንሁት። ኑርሃን የአክስቷ ዜማ ሳይሸኛት ከደጃፍ ወጣች። እሷ በእንባ ስትወጣ ያየ ሰው ሁሉ የሰርግ እንባ መስሎት ነበር።

ስለዚህ ማዕከልዎ ቅርሳችን እንዳይጠፋ ላደረገው ብርቱ ጥረት፣ ጥረቱ ከመጀመሩ በፊት ግን ቅርሱ ደህና እንደነበረ በማስታወስ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የእኔም እጅ አለበት፤ አርባ ስምንቱን ኮርዶች አንድ በአንድ ያስገባኋቸው በእነዚህ ጣቶቼ ነው፤ በዚህ የተነሳም ራሴን ከእናንተ እምብዛም ባላነሰ ሁኔታ ተጸይፌዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእትዬ ዘምዘም ስም ከዚያ ሰነድ ላይ ይነሳላቸው። ዜማው የአቶ ሮቤል ስለሆነ በስማቸው ቢመዘገብ ቅር የሚለው ሰው የለም።

ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ብርድ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ እየነሳሁ፣ ሹመትዎ እንዲሰነብት፣ ሪፖርትዎም ሁልጊዜ መቶ በመቶ እንዲሆን የምመኝ፣

ታዛዥዎ
ንጉሤ ተክለወልድ
ኦርጋን ተጫዋች፣ ሸዋ ሮቢት

ግልባጭ፦
ለአቶ ሮቤል፣ በሜጀር እንዲያነቡት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ኑርሃን ከባሏ ቤት ድረስ መጥታ ነበር። እትዬ ዘምዘም ልከዋት ነው፤ «ትክክለኛውን» ዜማ ደህና አድርገው ሊያጠኑት ስለሚፈልጉ ከኮምፒውተሩ አሰማኝ ብለዋል፤ የራሳቸው ተምታቶባቸዋል። የፊታችን ዓርብ ከሶላት በኋላ ይመጣሉ። እኔ ላፕቶፑን አልከፍትም፤ ዜማቸውን ልጽፍ መጀመሪያ የሄድሁ ቀን ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዜሙ በስልኬ የቀዳሁትን አሰማቸዋለሁ፤ የማን ነው ብለው ከጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ። ኮርድ ስለሌለበት በእናንተ አቆጣጠር ዜሮ ከመቶ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዲያውም እንዲህ ተብሎ ይመዝገብልኝ።