የአባትሽ ኪኒን

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ እንዳልጀምር፣ የሰው ውሸት ስታነፈንፊ የምትውዪ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ከመጀመሪያው መስመር ትይዢኛለሽ። ደህና አይደለንም። አባትሽ የደም ግፊት ኪኒኑን መዋጥ ካቆመ ቆየ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው።

በራዲዮ ያጋለጥሽው ፈዋሽ፣ ያ በየሳምንቱ አዳራሽ ተከራይቶ «በሽታችሁ ኪኒናችሁ ነው» የሚለው፣ አባትሽ የእሱ ሰው ሆኗል። አዎ፣ አባትሽ! ዕድሜውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲጠግን ኖሮ ሳይፈትሽ ሽቦ ነክቶ የማያውቀው ሰውዬ። ዝግጅትሽ ሲተላለፍ «ዛሬስ ይነቃል» ብዬ ፊት ፊቱን አያለሁ። ጤነኛ ሰዎች እየተከፈላቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ አንድ በአንድ አስረዳሽ። እሱ ራዲዮኑን ዘጋና ፈገግ አለ። «አስቀድሞ ነግሮኛል፤ 'ከገዛ ቤትህ ሰው ይነሳብኛል' ብሎኛል» አለኝ። ለካ ሰውየው ይህን የሚለው ለሁሉም ነው! ተቃዋሚ የማይጠፋበት የማን ቤት አለ? አንቺ የለፋሽበት ማስረጃ ለሱ ምስክር ሆነለትና አረፈው። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ሐኪሙን ቤት ድረስ አመጣሁበት። ወይ ፍንክች! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ሲጨንቀኝ ኪኒኑን አድቅቄ ሾርባው ውስጥ ጨመርኩለት። በየቀኑ።

አትቆጪኝ፣ ሌላ ምን ላድርግ? ሲሰነብት ራስ ምታቱ ተወው፣ የፊቱ ቀለም ተመለሰ። አንቺ በላክሽለት መለኪያ ሲለካው ግፊቱ ወርዷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታዬ ግን እስከ አዳራሹ ቀን ድረስ ነበር። መድረክ ላይ ወጣና መለኪያውን ከፍ አድርጎ እያሳየ «ያለ ኪኒን ዳንኩ!» ብሎ መሰከረ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ሰው ያየኛላ።

ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ታውቂያታለሽ፣ የስኳር በሽተኛዋን። በነጋታው መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ የጋሼን ምስክርነት ሰምቼ የስኳር መርፌዬን ጣልኩት!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷ እላይዋ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከስፌቱ መሃል እየተነሳች ውሃ በጆግ ትጠጣለች። አባትሽ «መርዙ እየወጣላት ነው» ይላል።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ አልቻልኩም። ሱቋ ሄጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ ስለ ሾርባው ነገርኳት። መቀሷን አስቀመጠችና በሐዘኔታ አየችኝ። «እትዬ፣ ይሄንንም እኮ ነግሮናል። 'የቤታችሁ ሰው እኔ ነኝ ያዳንኳችሁ ይላል' ብሎናል» አለችኝ። ይህ አልበቃ ብሏት ሄዳ ለአባትሽ ነገረችው።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ አበስላለሁ» አለና ወጥ ቤት ገባ። አሁን ከእጄ ውሃ እንኳን አይቀበልም። እንቁላል እየቀቀለ ይበላል፤ እኔ ማዶ ተቀምጬ ሲልጥ አየዋለሁ። መለኪያውንም መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። «የዳነ ሰው ምኑን ይለካል?» ይላል። ትናንት ጫማውን ሲያስር ግራ እጁ እምቢ አለው። እንዳላየው ዞር ብሎ ከማሰሪያው ጋር ሲታገል አንጀቴን በላው።

ልብስ ሰፊዋን ዛሬ ጠዋት እህቷ ራሷን ስታ አግኝታ ሐኪም ቤት ወስዳታለች። እስካሁን ወሬ የለም። ይህን የምጽፍልሽ በር በሩን እያየሁ ነው።

ልጄ፣ ሰው ለምን እንደሚያምን ስትመረምሪ ስንት ዓመትሽ! ለኔ ግን የገባኝ ነገር የለም። ብናገር ጠላት ሆንኩ፣ ዝም ብል ሰው ልገድል ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፣ እሱም በአንቺ እጅ ነው። ትናንት አባትሽን «ልጅህ መጥታ ብታበስልልህስ?» አልኩት። ሳያመነታ «ስለ ፈዋሹ ተሳስታለች እንጂ ልጄ ዋሽታ አታውቅም። እሷ ያቀረበችልኝን ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ» አለኝ።

እባክሽ ነይልኝ። ማስረጃ አታምጪ፤ ባዶ እጅሽን ነይ። ኪኒኑን እኔ አደቅቅልሻለሁ። ማዕዱ ሲቀርብ «ምንም አልጨመርሽበትም አይደል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በየቀኑ ይጠይቅሻል። አንቺም በየቀኑ ዓይን ዓይኑን እያየሽ «ምንም፣ አባዬ» ትይዋለሽ።

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፤ በመንገድሽ ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

እናትሽ