አልቼ ገመድ ላይ ያሉት ሁለት ሸሚዞች

ጁን 7፣ 1943፣ ሰኞ
ሰኞ የእጥበት ቀን አይደል፣ ቦዩ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ልብስ አስጥቷል። ድልድዩ ላይ ተቀምጬ በውሃ ቀለም ሣልኩ። የድንች ጀልባ፣ ሁለት ዳክዬ፣ ከማዶ የጎረቤቴ የአልቼ የልብስ ገመድ። ውሃው ላይ የሚወርደው ጥላ ዛሬ እሺ አለኝ። ክፈፍ ሠሪው ሊንደርት ወዲያው ሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለው።

ጁን 9
መንገድ ላይ ቆሜ የገዛ ሥዕሌን ሳደንቅ... አንድ ነገር አየሁ። አልቼ ገመድ ላይ ሁለት የወንድ ሸሚዝ! ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣ ልጅ የላት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የማን ነው ታዲያ?
አገራችንን የያዙት ጀርመኖች ለፋብሪካቸው ወጣቱን እያፈሱ ነው። ስንቱ ጣሪያ ሥር ተደብቋል። እሷም አንዱን ደብቃለች ማለት ነው።
ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ካልሣልኩ የምል እኔ! እጄን በቆረጠው።

ጁን 10
ውሃው ገና መቀባት ይቀረዋል ብዬ ሥዕሉን ከመስኮቱ ላወርደው ሄድኩ። ለጀርመኖች ያደረው ፖሊስ ሃገማን ቀድሞኛል። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።
"ወይዘሪት ሩስ፣ አልቼ ባል አገባች እንዴ?"
"የኔ ናቸው" አልኩ። ከየት መጣልኝ? ስሥል የምለብሰው የአባቴን ሸሚዝ ነው፣ እሷ ታጥብልኛለች አልኩት።
ሳቀ። ሰኞ መጥቼ አያቸዋለሁ አለ።
የአባቴን ሸሚዞች አምና ለችግረኛ ሰጥቻለሁ። አንድም የለኝም።

ጁን 11
ለአልቼ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር... ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንዲያው ምን ነክቶሽ ውጭ አሰጣሽው አልኳት።
"ሰኞ ገመዷ ባዶ የሆነች ሴት ምን ትባላለች? ሰነፍ እባላለሁ ብዬ እኮ ነው።"
ወደ ላይ ወጥታ ሸሚዞቹን አመጣች። አንዱ ገና ከሰው ገላ እንደወጣ ይሞቃል። ከላይ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን።

ጁን 12
የሠዓሊ ሸሚዝ ለማስመሰል ቀለም ልረጭባቸው ነበር፤ የውሃ ቀለም ግን በእጥበት ይለቃል! እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም? ሰማያዊው ብቻ ነው የማይለቀው። የሁለቱም እጅጌ ላይ አፈሰስኩት። እንቅልፍ የለም።

ጁን 14፣ ሰኞ
ሃገማን መጣ። የተሰጣውን ሸሚዝ እጅጌ ገለበጠ፣ ሰማያዊውን በጥፍሩ ፋቀው። አልቼ አንሶላዋን መስቀሏን አላቋረጠችም። እኔ የድልድዩን ብረት ይዣለሁ። ሸሚዙን በቁመቱ ዘረጋው።
"አባትዎ ረጅም ሰው ነበሩ።"
"በጣም" አልኩ። አባቴ ትከሻዬ ላይ ነበር የሚደርስ።
ትንሽ አየኝና ሄደ። 

ጁን 21፣ ሰኞ
ሥዕሉ እዚያው ነው። ባወርደው ይጠረጥራል። ሃገማን በየቀኑ በዚያ ያልፋል።
ሸሚዞቹን ተካፍለናል፤ አንዱ እኔ ላይ፣ አንዱ አልቼ ቤት በተደበቀው ሰው ላይ። ሰኞ ሰኞ ታጥበው እንለዋወጣለን። ድልድዩ ላይ ስቀመጥ ዳክዬ እንኳ መሣል ያቅተኛል። ቢሆንም እቀመጣለሁ።
የዛሬው ሸሚዝ ላልቶ የነበረው ቁልፉ ተሰፍቶ መጣልኝ። ስፌቱ የወንድ ነው፣ ወፍራም ጥቁር ክር በነጭ ላይ። አለቀስኩ።
አልቼ "ስሙ እኮ..." ብላ ስትጀምር ጆሮዬን ደፈንኩ። አትንገሪኝ አልኳት። ቢይዙኝ የምናገረው አይኑረኝ።